ወንበርሽ ይጠብቅሻል፤ ሥራሽስ?

ሰኔ 1999 ዓ.ም. ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ክረምቱ ገብቷል፤ ከጉና የሚወርደው ጉም ከተማውን ከማለዳ ጀምሮ ይሸፍነዋል። እኔ ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። የሒሳብ ሥራ የሠራ ሰው ሰኔን ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያልተወራረደ ደረሰኝ ይፈለጋል፣ ካዝና ይቆጠራል፣ መዝገብ ከባንክ ጋር ይመሳከራል። ሰው ምሳውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይበላል።

አንድ ጠዋት የስብሰባ ሰዓት ደርሶ ማስታወሻዬን ይዤ ስነሣ አለቃዬ በር ላይ አገኙኝ። በፈገግታ፣ «አንቺ ደግሞ በዚህ ሁኔታሽ ደረጃ መውጣት ምን አስፈለገሽ? ዕረፊ እንጂ! ልጁ ይገባል» አሉኝ። ልጁ ያሉት ሁለት ወር ሙሉ መዝገቡን ሳሳየው የከረምኩት ወጣት ባልደረባዬ ነው። አመስግኜ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ እኔ ያዘጋጀሁትን ሠንጠረዥ ሲያነቡ ይሰማኛል። አንድ ቁጥር ላይ ደርሰው ተከራከሩ። መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን በሩን ከፍቶ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ «ማን ምን አደረገሽ?» ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ማንም አልሰደበኝም። ደመወዜም አልተነካም። እንዲያውም አዘኑልኝ። ታዲያ ለምን ነበር እንደዚያ የከፋኝ?

ውድ እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቢው ወሊድሽ ቀርቦ ሥራሽን በማስረከብ ላይ ሳለሽ ከሆነ የምናገረው ለአንቺ ነው። ቀኑ ያለፈልሽም፣ ገና የሚመጣብሽም፣ ሚስቱ ወይም ሠራተኛው ነፍሰ ጡር የሆነች ወንድምም አብራችሁን ቆዩ።

ክፉ ያልሠራብኝ ሰው ለምን አሳዘነኝ?

ይህ ስሜት በድንገት አይመጣም፤ በጥቂት በጥቂቱ ነው። በመጀመሪያ ከደብዳቤው ግልባጭ ላይ ስምሽ ይቀራል። ቀጥሎ አንቺ የምታውቂውን ጉዳይ አጠገብሽ ያለውን ሰው ይጠይቁታል። ከዚያ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይወራል፤ አንቺ በሌለሽበት ይከፋፈላል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ ሳለሽ እንደሄድሽ ይቆጥሩሻል። የሚያስቸግረው ደግሞ ሁሉም በደግነት መደረጉ ነው። ክፉ ለሠራብሽ ሰው መልስ ታገኚለታለሽ፤ «ዕረፊ» ላለሽ ሰው ግን ምን ትይዋለሽ?

እኛ አማኝ ሴቶች ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም እንጨምራለን። «ልጅ ሰጠኝ ብዬ ስለምኖር፣ አሁን ስለ ወንበር ማዘኔ ምን ይባላል? ይህ ትዕቢት አይደለምን?» ብለን ራሳችንን እንከሳለን። እኔም ብዙ ሌሊት ይህን ጠይቄያለሁ። ዛሬ ከብዙ ዓመታት በኋላ መልሴ ይህ ነው፤ «ሥራው ያለ እኔ አይሄድም» ማለት ትዕቢት ነው፤ ደግሞም እውነት አይደለም፤ ይሄዳል። «ሥራው ይሂድ፤ እኔ ግን ተመላሽ መሆኔ አይረሳ» ማለት ግን ትዕቢት አይደለም። የእጅ ሥራችንን የሰጠን እርሱ ራሱ ከሆነ፣ ከእጃችን ሲወጣ ማዘናችን አያስደንቅም።

የእኔ ብቻ አይደለም

ከዚያ ወዲህ በደቡብ ጎንደር በየወረዳው ስንዞር ይህንኑ ታሪክ ከብዙ እህቶች ሰምቻለሁ። አንዷ መምህርት ናት፤ ከፈተና በፊት ክፍሏን አስረክባ ስትመለስ ሌላ ክፍል ተሰጣት፤ ያስተማረቻቸው ልጆች ለፈተና ሲቀርቡ አላየችም። ሌላዋ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ቁልፍ ያስረከበችበት ቀን ትዝ ሲላት እስከ ዛሬ ደረቷን ይጫናታል።

ከሁሉ ይልቅ የምታሳዝነኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአብዛኛው በሴቶች ጉልበት የቆመ ነው። በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያ እንዲኖር ታስቦ ነው የተዘረጋው። ይህች እህት ከላይ ጋይንት እስከ ፋርጣ ባለው ደጋ ዳገት እየወጣች፣ ነፍሰ ጡር እናቶችን እየሰበሰበች ክትትል እንዲያደርጉ፣ በጤና ተቋም እንዲወልዱ፣ ከወለዱም በኋላ እንዲያርፉ ትመክራለች። እርሷ ራሷ ስታረግዝ ግን ሥራዋ በሙሉ በአንዷ ባልደረባዋ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «ባልደረባዬን ጎዳኋት» እያለች ትሸማቀቃለች። ባልደረባዋም ደክሟት ፊቷ ሲጠቁር «ጠላችኝ» ትላለች። ሁለቱም አልተበደሉም ማለት አይቻልም፤ ግን አንዳቸው ሌላዋን አልበደሉም። ክፍተቱ ሰው ሳይተካ መተዉ ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ምንስ አይልም?

እህቴ ሆይ፣ በስሜትሽ ብቻ እንዳትዋዢ መብትሽን እወቂ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ላይ ሴቶች የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የፈቃዱ ርዝመት የሥራውን ሁኔታ፣ የእናቲቱን ጤንነት፣ የሕፃኑንና የቤተሰቡን ደኅንነት ከግምት በማስገባት በሕግ እንደሚወሰንም ይናገራል።

እኔ በወለድኩበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎታል። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄጂበት ጊዜ ደመወዝ እንደማይቆረጥበት፣ አሠሪው ግን የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቅሽ እንደሚችል ይህ አዋጅ ይገልጻል። በእርግዝና ላይ ሳለሽና ከወለድሽ በኋላም እስከ አራት ወር ድረስ በእርግዝናሽና በመውለድሽ ምክንያት ከሥራ ልትሰናበቺ አትችዪም። ለአባትም 3 ቀን ከደመወዝ ጋር ተፈቅዶለታል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ ግን የሚመለከትሽ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሆነ የሰው ሀብት ክፍልን ጠይቂ፤ ሲቻል የአዋጁን ገጽ ራስሽ አንብቢው።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውዪ፤ ሕጉ ደመወዝሽንና ቅጥርሽን ይጠብቃል። ማን ስብሰባ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚጠየቅ፣ ስትመለሺ የትኛው ሥራ እንደሚጠብቅሽ ግን ዝርዝሩን አይነግርሽም። ይህ የእኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ወሊድ ጥበቃ የመጀመሪያውን ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1919 በተመሠረተበት ዓመት ነው። እናት ወደ ቀድሞው ሥራዋ ወይም በደመወዝ እኩል ወደሆነ ተመሳሳይ ሥራ የመመለስ መብት እንዳላት በስምምነት የጻፈው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እርሱም አገሮች እንደየፈቃዳቸው የሚቀበሉት ስምምነት ነው። እንግዲህ ወንበሩን ሕግ ይጠብቅልናል፤ ሥራውን ለመጠበቅ ግን እኛም የምናደርገው አለ።

የአማቴ ትምህርት

ነሐሴ ላይ ወለድኩ። አገሩ ሁሉ ለሚሌኒየሙ ይዘጋጅ ነበር። ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮኹ ድምፁ አራስ ቤት ድረስ ይመጣል። አማቴ ከፋርጣ ገጠር የገብስ ዱቄትና ቅቤ ይዘው መጥተው ያርሱኝ ነበር። አንድ ቀን ገንፎውን እያቀረቡልኝ ፊቴን አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ወልደሽ ስታበቂ የምታዝኚው?» አሉኝ። የመሥሪያ ቤቱን ነገር ነገርኳቸው።

እማማ ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ መሥሪያ ቤት ገብተው አያውቁም። ግን እንዲህ አሉኝ፤ «እኛ አገር ሴት ስትወልድ ጎረቤት ውኃዋን ይቀዳላታል፣ እንጀራዋን ይጋግርላታል፣ ከብቷን ያስገባላታል። ምጣዱን ግን ማንም የእኔ ነው አይላትም። ወንፈል ነው፤ ነገ እርሷም ትሄድላቸዋለች። ለመሆኑ አንቺ ስትወጪ ምጣዱ የማን እንደሆነ ተናግረሻል?»

አልተናገርኩም ነበር። ዝም ብዬ ነው የወጣሁት። ተከፍቼ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ነው የወጣሁት። እግዚአብሔር ያውቃል፤ አለቃዬ ግን የልቤን አያውቁም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ንብረት ገቢ ሲሆን ሞዴል 19፣ ወጪ ሲሆን ሞዴል 22 እንደሚቆረጥ ታውቃላችሁ። አንድ ወንበር እንኳ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ይፈረምበታል። እኔ ግን የአራት ዓመት ሥራዬን ያለ አንድ መስመር ጽሑፍ አስረክቤ ነበር።

ሐና ምን አደረገች?

ከዚያ በኋላ የሐናን ታሪክ (1ኛ ሳሙኤል 1) ሳነብ ድሮ ያላየሁትን ነገር አየሁ። ስለ ሐና ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ጸሎቷንና እንባዋን ነው። ከወለደች በኋላ ያደረገችውን ግን እናልፈዋለን። ሕልቃና ቤተሰቡን ይዞ በየዓመቱ ወደ ሴሎ ይወጣ ነበር። ሳሙኤል ከተወለደ በኋላ ሐና አብራ አልወጣችም። ፍናናም ልጆቿም ሲወጡ እርሷ ቤት ቀረች። ያ ትልቅ የቤተሰቡ ጉዞ ያለ እርሷ ተደረገ።

ነገር ግን ልብ አድርጉ፤ ሐናን ማንም «አንቺ ቅሪ» አላላትም። መቅረቷን የተናገረችው ራሷ ናት። እስከ መቼ እንደምትቀርም ተናገረች፤ ልጁ ጡት እስኪተው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርግም ተናገረች፤ ልጁን ይዛ ትወጣለች። ባሏም ሰምቶ፣ መልካም መስሎ የታያትን እንድታደርግ ፈቀደላት። ጊዜው ሲደርስም ወጣች፤ ከዚያም በየዓመቱ ለሳሙኤል ትንሽ ቀሚስ እየሠራች ትወጣ ነበር።

ሐና ቀረች እንጂ አልተገለለችም። መቅረትንና መገለልን የለየው ሦስት ነገር ነው፤ ራሷ ተናገረችው፣ ቀን ቆረጠችለት፣ አጠገቧ ያለውም ሰው ሰምቶ ተቀበለው። እኔ በ1999 ሦስቱንም አላደረግሁም።

ሁለተኛ ጊዜ ያደረግሁት

በ2003 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ እዚያው መሥሪያ ቤት ነበርኩ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን እነግርሻለሁ፤ ለአንቺ የሚሆነውን ውሰጂ።

1. ቀድሜ ተናገርኩ። ሆዴ እስኪታይ አልጠበቅሁም። ወደ አለቃዬ ገብቼ መቼ እንደምወጣ፣ መቼ እንደምመለስ፣ እስከዚያ ምን ምን መሥራት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «ሲደክመኝ እኔ እነግርዎታለሁ፤ እስክነግርዎ ድረስ ግን ስብሰባ ይጥሩኝ» አልኳቸው። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሳቸው ግን «እንደዚህ ከሆነ ጥሩ» ብለው በቀላሉ ተቀበሉኝ። ለካ በመጀመሪያውም ጊዜ ያልጠየቅሁት እኔ ነበርኩ።

2. ርክክቡን በጽሑፍ አደረግሁ። አንድ ወረቀት በሦስት ከፈልኩት፤ ያለቀ ሥራ፣ በተተኪዬ እጅ የሚቀጥል ሥራ፣ እስክመለስ የሚቆይ ሥራ። ሦስተኛው ክፍል ሁለት ነገር ብቻ ነበረው፤ ያ ግን ተመላሽ መሆኔን ይናገራል። እኔም ተተኪዬም አለቃችንም ፈረምንበት፤ አንድ አንድ ቅጂ ያዝን።

3. ምንም አልደበቅሁም። «እኔ ከሌለሁ ይቸገሩ» ብሎ ፋይል ወይም የኮምፒውተር የይለፍ ቃል መያዝ ይፈትናል። ይህ የእኛ ወገን ኃጢአት ነው፤ እንናዘዘው። ደብቀሽ ከሄድሽ ስትመለሺ የሚጠብቅሽ ቂም ነው።

4. ስልክ የሚደወልበትን ቀን ወሰንን። በየቀኑ የሚደወልላት አራስ አታርፍም፤ ፈጽሞ የማይደወልላት ደግሞ ትረሳለች። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ለአጭር ሰዓት ተባባልን። ባለፉት ዓመታት በክልላችን መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህም እንኳ ለብዙ እናቶች ቸግሮ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ከስልኩ ይልቅ ይታመናል።

5. ተተኪዬን አመሰገንኩ። ያ በመጀመሪያ የተቀየምኩበት ወጣት ምን አደረገኝ? ግባ ተባለ፤ ገባ። በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስመለስ ለብዙ ሳምንት ፊት ነስቼው ነበር። በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም የዚያን ሰኔ ሌሊት ሌሊት ሲሠራ የእኔን ማስታወሻ እያየ እንደነበር ነገረኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ይህን ሁሉ ማድረግ ሁሉን አይመልስም። በመጀመሪያው ጊዜ ስመለስ ወንበሬ ነበረ፤ ሥራዬ ግን ተከፋፍሎ ነበር። የዓመት መዝጊያው እንደገና በእኔ እጅ የገባው በቀጣዩ ሰኔ ነው። በሁለተኛው ጊዜም ከሁለቱ የቆዩ ሥራዎች አንዱ ሳይጠበቅ ለሌላ ተሰጥቷል። ግን ወረቀቱ ስለነበረ በቁጣ ሳይሆን በጥያቄ ገባሁ፤ ምክንያቱም ተነገረኝ። አለቃሽ በቅንነት ሳይሆን ሊጎዳሽ አስቦ የሚያደርገው ከሆነ ደግሞ በትዕግሥት ስም ዝም አትበይ። መብትን በሥርዓት መጠየቅ እምነትን አይቀንስም። ጳውሎስም ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሶ ተከራክሯል።

እኔም አድርጌዋለሁ

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ብጨርሰው ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ይቀረኛል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄ በአገልግሎት ከባለቤቴ ጋር ከቆምኩ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆችን የሰንበት ትምህርት የምታስተባብር አንዲት እህት ነበረች። ነፍሰ ጡር ስትሆን ለገና ዝግጅት ሌላ ሰው መደብንባት። «ትደክምብናለች» ብለን ነው። የወሰንነው እኔ ባለሁበት ነው። ቀጥሎ ባሉት እሑዶች ከኋላ ተቀምጣ አየኋት፤ ወሬዋ ገፍቶ ነው ብዬ አለፍኩ። ከወለደች በኋላ አራስ ጥየቃ ስሄድ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ሳለሁ፣ እንዲህ አለችኝ፤ «እትዬ፣ መተካቴ አልከፋኝም። ማን እንደተካኝ የሰማሁት ግን ከልጆቹ ነው።»

አሥር ዓመት የተሸከምኩትን ቁስል በገዛ እጄ ለሌላ ሴት ሰጠሁ። በዚያው በ«ዕረፊ» ቃል። ሕፃኑን መልሼላት ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ በአጥቢያችን አንድ ልማድ አበጀን፤ እህት ስታረግዝ አገልግሎቷን ማን እንዲይዝላት እንደምትፈልግ አስቀድመን ራሷን እንጠይቃለን። ለጉባኤው ስናስታውቅም እስክትመለስ እንደሆነ ጨምረን እንናገራለን። ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ብዙ እንባ ግን ያስቀራሉ።

እንግዲህ ለአለቆች፣ ለሽማግሌዎችና ለባሎች የምለው ይህን ነው። ነፍሰ ጡር ሴትን ማሳረፍ መልካም ነው፤ ግን ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቋት። ስለ ሥራዋ ስታዝን «ልጅ እያለሽ ምን ሥራ ሥራ ትያለሽ?» አትበሏት። ሕልቃና የሐናን አሳብ ሰምቶ እንደተቀበለ እናንተም ስሟት።

አንቺም እህቴ፣ ነገ ቁልፍ የምታስረክቢ ከሆነ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጪ። የምትወጪበትን ቀን ጻፊ፤ የምትመለሺበትንም ከሥሩ ጻፊ። ከዚያ ለአለቃሽ አንብቢላቸው። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም አንብቢው፤ የእኔም ተንቀጥቅጦ ነበር።

ጌታ በሰላም ያገላግልሽ።